ስም፣ ቀን፣ ቦታ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጦር ሜዳ የወደቁ ወታደሮች ስም፣ የወደቁበት ቀንና ቦታ በሕግ ተመዝግቦ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ወረዳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሠራተኛ ነኝ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እመዘግባለሁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው «የክብር መዝገብ ሹም» ይለዋል፤ ሹመቱ ከደመወዙ ይበልጣል እያልን ቢሮ ውስጥ እንሳሳቅበታለን። ሰው የሞተበት ባለጉዳይ ፊቴ ሲቀመጥ የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የሟች ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የሞተበት ቀን፣ የሞተበት ቦታ። ሦስቱ ካልተሟሉ የምስክር ወረቀት አልሰጥም። ስንቱን ሐዘንተኛ «ቀኑን አጣርተህ ተመለስ» ብዬ እንደ ሸኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አዋጁ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የታናሽ ወንድሜ ሞት ግን ዘንድሮ የካቲት 16 ቀን 27 ዓመት ሞላው፤ እስከ ዛሬም በየትኛውም የክብር መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ እኔም በገዛ እጄ ልመዘግበው አልችልም፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች በእርግጠኝነት የምመልሰው አንዱን ብቻ ነውና።

እርሱም ስሙ ነው። ስሙን በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ወንድሜ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ከአባታችን የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ድክ ድክ ብሎ ያደገ ልጅ ነው። እናታችን ትፈትላለች፤ እርሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ ያጠነጥናል። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር ባድመ ሲገባ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ ላይ አይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደብድቦ ሕፃናት መገደላቸውን ሬዲዮኑ ሲናገር የተቀመጠባትን ዱካ ዛሬም አሳያለሁ፤ ማግ እያጠነጠነ ነበር፤ እጁ ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ ቀጠለ። ፖለቲካ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ክረምት ላይ ነጥብ እንዳልመጣለት ባወቀ በሳምንቱ ተመዝግቦ መጣና ነገረን። አገር መውደድ ነበር? ሥራ ማጣት ነበር? ሁለቱም ይመስለኛል። የወደቀ ወታደር ሁሉ ሲሄድ ልቡ ነበልባል ነበረ ብሎ መጻፍ እኛን ያጽናናን እንደሆነ እንጂ ሟቹን አያሳይም፤ ወንድሜ ከሄደበት ቀን በፊት ባለው ምሽት የታየው ሆዱ ባብቶ፣ ራት ሳይበላ ነበር።

አባታችን ምንም አላለም። በዚያ ሳምንት የሰው ትእዛዝ ወደ ጎን አድርጎ ለልጁ ጋቢ ሠራ። ጋቢው ግን ከማሠልጠኛው ሳይቆይ ተመለሰ፤ ምልምሎቹ የሲቪል ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ሲልኩ ወንድሜም ሱሪውንና ጫማውን በጋቢው ቋጥሮ ላከልን። ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ ደርሶናል። ሦስቱም የሚጀምሩት ያኔ ደብዳቤ ሁሉ ይጀመርበት በነበረው ቃል ነው፦ «እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» በመጨረሻው ደብዳቤ፣ ጥር ላይ በጻፈው፣ ሁለት ነገር ጠይቆ ነበር። አንዱ ካልሲ ነው። ሌላው የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያንጠባጥብ እንደሆነ ነው፤ የመጀመሪያ ፈቃድ ሲያገኝ ሁለት ቆርቆሮ ገዝቶ ራሱ እንደሚመታው፣ አባታችን ወገቡን ስለሚያመው እንዳይወጣበት ጽፎ ነበር። ካልሲው ተገዛ። ተልኮም ነበር፤ መድረሱን ግን አናውቅም።

የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ማክሰኞ ዋለ። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። ዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። እናቴ እንደ ዓመት ልማዷ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አድራ፣ ጠበሏን በጀሪካን ይዛ፣ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ረፋዱ ላይ ቤት ገባች። ባድመ ግንባር «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» የተከፈተው በዚያው ዕለት ነው። በአራት ቀን ውስጥ ምሽጉ ተሰበረ፤ ባድመ ተመለሰች። የዓድዋ በዓል በዚያው ሰሞን ነበርና ሰፈራችን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ወጣ፤ እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር እልል ብላለች። ስለዚያ እልልታ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ እኛም አናነሳባትም።

ደብዳቤ ቆመ። ሦስተኛው ዙር ውጊያ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሰኔ 11 ቀን አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰላም ተፈረመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከግንባር የተመለሰ ወታደር ሰፈር ውስጥ ታየ በተባለ ቁጥር እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ራሱ ቤታችንን ጠይቆ መጣ፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ቡና ተፈላለት፤ ሲኒውን እንደ ያዘ ቡናው ቀዘቀዘ። ወንድሜን የካቲት 16 ቀን ጎሕ ሳይቀድ፣ ጦሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ የውኃ ኮዳውን ሲሞላ እንዳየው፣ «ከዚያ በኋላ ግን አላየሁትም» አለን። «ሞቷል» አላለም። ሰውየው ያላየውን አለመናገሩን ያኔ እንደ ጭካኔ ቆጥሬበት ነበር፤ ዛሬ መዝገብ የምይዝ ሰው ሆኜ ሳስበው ግን ስለ ወንድሜ ትክክለኛ ቃል የሰጠን እርሱ ብቻ ነው።

መርዶው የመጣው ሐምሌ 1993 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ። እንደ ወጉ ሊነጋጋ ሲል የእድር ሽማግሌዎችና ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች በር አንኳኩ። ድንኳን ተጣለ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ፎቶ ይይዛል፣ ልብስ ይዘረጋል፤ እኛም ከማሠልጠኛ የተመለሰውን ጋቢ ዘረጋንና ፎቶውን በላዩ አደረግን። አባታችን በገዛ እጁ በሠራው ጋቢ ላይ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ቀለል ሲል፣ የተሰጠንን ወረቀት አነበብኩት። «በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር የተሰዋ» ይላል። ቀን የለውም። የወንድሜ ስም ልክ ነው። የአባታችን ስም ግን አንድ ፊደል ተለውጦ ሌላ ሰው ሆኗል።

የተከበራችሁ አባላት፣ አንድ ፊደል ምን ያህል እንደሚከብድ ልንገራችሁ። በእኔ ሥራ «ታደሰ» እና «ታደለ» ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በእናት ልብ ደግሞ አንዱ ሞቶ ሌላው በሕይወት አለ ማለት ነው። እናቴ ወረቀቱን ካስነበበችኝ በኋላ ማቋን አወለቀች። «ይሄ የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ እናቱ ሳትሰማ እኔ አለቀስኩላት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ ምርኮኛ ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ኤርትራ የቀሩትን ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ስትለቅ እናቴ ሬዲዮኑን ከጓዳ አውጥታ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ለቀናት ከአጠገቡ አልተነሳችም። ምርኮኞቹ መጡ፤ ወደየቤታቸው ገቡ። እርሱ አልመጣም። ለሁለተኛ ጊዜ ሞተባት፤ በዚህኛው ግን ድንኳን የጣለላት የለም፤ አንድ ጊዜ ተለቅሶለታልና።

ወረቀቱን ለማሳረም ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ የተመላለስኩበትን ዘመን አልዘረዝረውም። አንዱ ጋ መዝገቡ እዚህ አይደለም ተባልኩ፤ ሌላው ጋ ስህተቱ እንዲታረም የሟቹን መታወቂያ አምጪ ተባልኩ። መታወቂያው በኪሱ እንደ ነበር ስነግረው ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ሳይቆጣ፣ በቅን ልብ፣ «እሱማ ልክ ነሽ» አለኝ። በማንም ላይ ክስ የለኝም። ያ ሰው የሚያርመው መዝገብ ፊቱ አልነበረም፤ ያለ መዝገብ ደግሞ እርማት የለም።

የቄሳችን ነገር ደግሞ አለ። እናቴ የዐርባውን ተዝካር ለማውጣት ስትጠይቅ፣ ዐርባ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቋት። መርዶ ከሰማንበት ነው? ከየካቲት 16? ወይስ ባድመ ከገባንበት ከየካቲት 19? የነፍስ አባታችን መልካም ሰው ነበሩና «እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ቀኑን አንቺ ምረጪ» አሏት። እርሷም ያ ኮዳ የሞላበትን ቀን መረጠች። እንግዲህ የካቲት 16 በቤታችን የኪዳነ ምሕረት ዝክርም የልጅ ተዝካርም ነው፤ ዳቦው አንድ፣ ጠላው አንድ፣ ጸሎቱ ሁለት። ምናልባት የሞተው የካቲት 17 ይሆናል። ምናልባት ቆስሎ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሆናል። እናት የልጇን ሞት ቀን በምርጫ ልታውቀው ባልተገባ ነበር።

ለእናንተ የጻፍኩበት ምክንያት ይህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው ይህ ምክር ቤት ነው። የመከላከያ በጀት የሚጸድቀው በእናንተ እጅ ነው። ሂሳቡ በእናንተ ዘንድ ከተከፈተ መዘጋትም ያለበት በእናንተ ዘንድ ነው፤ የጦርነት ሂሳብ ደግሞ በጥይትና በነዳጅ ብቻ አይዘጋም። ያ ጦርነት ካበቃ ሩብ ምዕት ዓመት አልፏል፤ ቤተሰብ ቀርቦ ሊያየው የሚችል፣ ስም በስም የተጻፈ የሟቾች ዝርዝር ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። የሁለቱን አገር ሙታን ደምረው የሚገምቱ ሰዎች ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይላሉ። እባካችሁ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልብ በሉልኝ፤ 30 ሺህ ሰው ነው። 30 ሺህ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ መሞት አለመሞቱ የግምት ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ወንድሜ ከተቆጠሩት ወገን ይሁን ከሚያጠራጥሩት፣ አላውቅም።

ሐውልት አላነሰንም። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ ወደ እናንተ ስወርድ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። አራት ኪሎ ስደርስ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ወደ አፍንጮ በር ብል የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ብል የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፤ ሐውልት ግን ለሁሉም የቆመ ነው፤ እናቴ ወደ የትኛው ቀርባ የልጇን ስም በጣቷ ትዳስሳለች?

የኮሪያውን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨምር። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም፤ የሞቱት አፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሷል። ቡሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ ደግሞ የ40,896 ሰዎች ስም የተቀረጸበት ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ የእኛም ልጆች ስም ከየአገሩ ሟቾች ጋር ተቀርጿል። አፅሙ እዚያ የሌለ ሰው ስሙ እዚያ አለ። ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው በ1991 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ግንባር የወደቀ የሽሮ ሜዳ ልጅ ከ48 ዓመት በፊት በሰው አገር ከወደቀው ወታደር ያነሰ ማስታወሻ አለው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ «ቃኘው» የራስ መኮንን ፈረስ ስም መሆኑ ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው እያልን የነገሥታቱን ፈረሶች ስም ከመቶ ዓመት በላይ ሳናዛንፍ ይዘን የቆየን ሕዝብ ነን። የእግረኛውን ስም መያዝ ከአቅማችን በላይ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ አይኖርም።

ይህ ጉዳይ የወንድሜ ብቻ አለመሆኑን ከመስኮቴ ሆኜ አያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጊት የባላቸውን የሞት ማስረጃ ሊያወጡ መጡ፤ የቤት ውርስ ጉዳይ ነበረባቸው። ባላቸው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ከነበረው ጦር ውስጥ ነበሩ፤ ሠራዊቱም የላከውም መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብረው ፈረሱ፤ መርዶ የሚያደርስ ቀርቶ መርዶ የሚጠየቅበት በር ጠፋ። ያለኝ መልስ አንድ ነበር፦ ፍርድ ቤት ሄደው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የመጥፋት ውሳኔ ያሰጡ። ሕጉ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደ ጠፋ ይቆጠር ዘንድ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል ይላል። አሮጊቷ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እሱ እኮ አልጠፋም፤ የላከው አለ» አሉኝ። ይህን ቃል የምክር ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች እንዲያስቡበት እለምናለሁ፤ የጠፋ ሰውና የተላከ ሰው በሕግ ፊት አንድ ሆነው ሊቀመጡ አይገባም።

ዛሬ በመስኮቴ የሚመጡት ደግሞ ወንድሜ ሲሞት ገና ያልተወለዱ ልጆች እናቶች ናቸው። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አንሥቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ የወደቀው ሰው ቁጥርም ዛሬ የሚነገረው በግምት ነው፤ ግምቱም እንደ ተናጋሪው ይለያያል። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለወደቁ ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ አርድቶ የሦስት ቀን ሐዘን ሲያውጅ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በልባቸው እያወቁ በይፋ ያላለቀሱ እናቶች በአንድ ሰሞን ሲያለቅሱ ሰምተናል። በየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ያን ለቅሶ የሽሮ ሜዳ እናት ታውቀዋለች።

የሚነሱብኝን መከራከሪያዎች አውቃለሁ። ወታደራዊ ምሥጢር ነው ይባላል። ከ27 ዓመት በፊት በወደቀ የ19 ዓመት ልጅ ስም ውስጥ ምን ምሥጢር እንዳለ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም፤ ዛሬ በግዳጅ ላይ ያለውን ጦር የሚመለከት ከሆነ ሕጉ የተወሰነ የዓመት ገደብ ያስቀምጥ፤ ገደቡ ሲያልፍ ግን መዝገቡ ይከፈት። ቁጥር ማውጣት ጠላትን ያስደስታል ይባላል። ያኔ የተዋጋናት ኤርትራ በ1993 ዓ.ም. 19 ሺህ ያህል ተዋጊዎቿ እንደ ሞቱባት በይፋ ተናግራለች፤ ቁጥሩን የሚያምንም የማያምንም አለ፤ ሆኖም በመናገሯ የወደቀባት ነገር የለም። ጦርነቱ ባይደረግ ይሻል ነበር፣ ስለዚህ ባናነሳው ይሻላል የሚሉም አሉ። ለዚህ የምመልሰው በእናቴ ቃል ነው። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። መንግሥታችን ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል ያስታወቀው ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ አይደር በተደበደበ ልክ በ20 ዓመቱ፣ በዕለቱ። በዚያ ምሽት ዜናውን እንደ ሰማች እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ ልጄ አሁን የተቀበረው የማን አገር ውስጥ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በወሩ በሐምሌ የሁለቱ አገር መሪዎች አሥመራ ላይ ተቃቅፈው ሰላም ሲያወርዱ ግን እናቴ ደስ ብሏት አመስግናለች፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አጎድላታለሁ። ድንበሩ በየትም በኩል ይሰመር፣ ጦርነቱ ትክክል ነው ወይም ስህተት ነው የሚል ክርክር በየትም በኩል ይለቅ፣ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ አንድ ልጅ መሞቱ የማይከራከሩበት ጉዳይ ነው። የእኔ ጥያቄም እርሱን ብቻ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ሕግ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ሕጉ በጦር ሜዳ የወደቀ እያንዳንዱ ወታደር በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም፣ በወደቀበት ቀንና ቦታ እንዲመዘገብ መከላከያን ያስገድድ፤ ቀኑና ቦታው በትክክል ካልታወቀም «አልታወቀም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ እናት «አልታወቀም» የሚለውን ቃል ከባዶ መስመር ይልቅ ትችለዋለች። ቤተሰብ በእጁ ያለውን ደብዳቤ፣ ፎቶና የጓደኛ ምስክርነት ይዞ ቀርቦ ስህተት የሚያሳርምበት አንድ የታወቀ ቦታ ይኑር፤ ያ ቦታ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉትም የሚደረስበት ይሁን። ከዚህ መዝገብ የሚወጣ ማስረጃ ለእኔ ዓይነቱ ሹም እንደ ሕጋዊ የሞት ማስረጃ ይቆጠር፤ የወታደር ሚስት ባሏን «ጠፋ» ለማስባል ፍርድ ቤት አትቁም። መዝገቡም ዕድሜያቸው ከገፋ ወላጆች ልጆች ይጀምር፤ የ1990ዎቹ እናቶች እየቀነሱ ነው፤ አባታችን በ2006 ዓ.ም. ስሙ በተሳሳተበት ወረቀት እንዳዘነ አርፏል። ድንጋይ ላይ መቅረጹ ሲመች ይቅረጽ፤ ወረቀቱ ይቅደም። ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ ሰልፍም ማርሽም አልጠየቅኩም።

የወንድሜን ስም በዚህ ደብዳቤ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። እኔ ብጽፈው የእህት ለቅሶ ሆኖ ይነበባል፤ አንባቢም አዝኖልኝ ያልፋል። ስሙን እንድታዝኑለት አላቀርብላችሁም፤ እንድትጽፉት ነው የምፈልገው። ሲጻፍ ከአባታችን ስም ጋር፣ ያች አንዲት ፊደል ታርማ እንድትጻፍ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፤ እንጦጦ መውጣት ትታለች፤ ዘንድሮ ጠበሉን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። የጓዳው ጣሪያ በ1995 ዓ.ም. ተመትቷል። ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን ለጽሕፈት ቤታችሁ በታሸገው ቅጂ ላይ አስፍሬአለሁ። የተሳሳተውን ወረቀት፣ ሦስቱን ደብዳቤዎችና ፎቶግራፉን ይዤ በተጠራሁ ቀን እመጣለሁ፤ ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የወታደሩ ታላቅ እህት
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ባል ልኮ ወረቀት ለተቀበለ፣ ወረቀትም ላልተቀበለ ቤተሰብ ሁሉ